አንድ መንገድ፣ ብዙ አሸናፊ፤ የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከቦሌ ሲታይ

ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ቦሌ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ በምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው ሌ ማን ከተማ 62 መኪኖች እሽቅድምድም ጀመሩ። በማግስቱ እሑድ፣ በዚያው ሰዓት፣ የማብቂያው ባንዲራ ሲውለበለብ ቁጥር 83 የለጠፈችው ቢጫ ፌራሪ 13.626 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን መንገድ 387 ጊዜ ዞራ አንደኛ ወጣች። ተባዝቶ ሲታይ ከ5,270 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሦስቱ አሽከርካሪዎቿ አንዱ ፖላንዳዊው ሮበርት ኩቢትሳ ነው፤ በ2011 በራሊ ውድድር ላይ በደረሰበት አደጋ ቀኝ እጁ ክፉኛ ተጎድቶ ብዙዎች «ከእንግዲህ መሪ አይጨብጥም» ብለውት የነበረ ሰው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታትና ቀኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሚገርመው ግን የዚያን ቀን አሸናፊዎቹ የፌራሪ ሰዎች ብቻ አለመሆናቸው ነው። በሁለተኛው ምድብ ኢንተር ዩሮፖል የተባለ የፖላንድ ቡድን ዋንጫ ወሰደ። በሦስተኛው ምድብ የጀርመኑ ማንታይ ቡድን ያሰለፋት ፖርሼ አሸነፈች። ይህች ፖርሼ ከፌራሪዋ ከ40 ዙር በላይ ወደ ኋላ ቀርታለች፤ በአትሌቲክስ ቋንቋ ደጋግማ ተደርባለች። ሆኖም በምድቧ የቀደማት ስላልነበረ አሸናፊ ናት፤ ስሟም በታሪክ መዝገቡ ላይ በአሸናፊነት ሰፍሯል።

ምድቦቹ ሦስት ናቸው። ሃይፐርካር በሚባለው ምድብ እነ ፌራሪ፣ ቶዮታና ካዲላክ ለዚሁ ዓይነት ውድድር ብለው የሠሯቸው፣ በቀጥታው ጎዳና ላይ በሰዓት ወደ 340 ኪሎ ሜትር የሚጠጉ መኪኖች ይሰለፋሉ። በዚያ ውድድር 21 ነበሩ። ኤልኤምፒ2 በተባለው ምድብ 17 መኪኖች ተሰለፉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሞተር ስለሚገጥሙ ልዩነቱ የሚመጣው ከአሽከርካሪውና ከቡድኑ ነው። ሦስተኛው ኤልኤምጂቲ3 ነው፤ ሱቅ ገብቶ ከሚገዛ የስፖርት መኪና ተነሥተው ለውድድር የተዘጋጁ 24 መኪኖች ነበሩበት። በዚህ ምድብ ደንቡ አንድ ነገር ያስገድዳል፤ ከሦስቱ አሽከርካሪዎች አንዱ «ነሐስ» የሚባለው ደረጃ ያለው፣ ማለትም እንጀራው ከመኪና እሽቅድምድም ያልሆነ ሰው መሆን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ ሰው ጋር በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋል። እንዲህ ያለ ዕድል የሚሰጥ ትልቅ ስፖርት ሌላ አላውቅም፤ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ አንድ ባለ ሱቅ ሃያ ደቂቃ ይጫወት የሚል ደንብ የለም።

የዚህን ውድድር ጠባይ ለመረዳት የቦሌ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከመገናኛ በኢምፔሪያል አድርጎ ወደ ቦሌ በሚወርደው ቀለበት መንገድ ላይ ሲኖትራኩ፣ ሚኒባሱ፣ ቪትሷና ላንድክሩዘሩ አንዱን አስፋልት ተካፍለው ይሄዳሉ፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከፍጥነታቸው ልዩነት ነው። ሌ ማን ላይ ፈጣኑ ምድብ ቀርፋፋውን በእያንዳንዱ ዙር ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይበልጠዋል። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም፣ በዝናብም በጭጋግም፣ አንዱ ሌላውን ሲያልፍ ነው የሚውለው የሚያድረው። ያልተጻፈው ሕግ ቀላል ነው፤ ቀርፋፋው በስፖኪዮው አይቶ መስመሩን ሳያወላውል ይጠብቃል፣ በደህና የማለፉ ዕዳ የፈጣኑ ነው። እኛ ዘንድ ዕዳው የማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም።

ለመሆኑ አንድ መንገድ ላይ ሦስት ውድድር ማካሄድ የማን ሐሳብ ነው? መልሱ ወደ አንድ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር ይወስደናል። ሌ ማንን የመሠረተው ፋብሪካ ወይም መንግሥት አይደለም። በ1906 በሳርት አውራጃ የተቋቋመው የመኪና ክለብ ነው፤ በኋላ የምዕራብ አውቶሞቢል ክለብ ተብሏል። ክለቡ በተቋቋመበት ዓመት የመጀመሪያውን የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ በሌ ማን አካባቢ አዘጋጀ። ወደ 103 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዙር፣ በአቧራማ፣ ቅጥራን በተቀባ መንገድ ላይ ለሁለት ቀን የተካሄደ ውድድር ነበር። ያሸነፈው ፌሬንትስ ሲስ የተባለ ትውልዱ ሃንጋሪያዊ የሆነ የሬኖ አሽከርካሪ ነው። ያን ጊዜ ከፍጥነቱ ይልቅ ጎማ ነበር ጠላቱ፤ ሚሽሊን ያመጣው ተፈትቶ የሚቀየር ቸርኬ ሬኖን ጠቀመው። አንድ ጎሚስታ ያሸነፈው ውድድር ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና በዛ፤ መኪናውን ምሉእ የሚያደርጉት ነገሮች ግን ገና ልፍስፍስ ነበሩ። የፊት መብራቱ ሁለት እርምጃ አያሳይም፣ ማስነሻው ይከዳል፣ ሸራ ጣሪያው ያፈስሳል። በ1922 በፓሪሱ የመኪና ትርኢት ላይ ሦስት ሰዎች ተገናኙ። ሻርል ፋሩ የታወቀ ጋዜጠኛ ነበር፤ ዦርዥ ዱራን የክለቡ ዋና ጸሐፊ፤ ኤሚል ኮኪይ ደግሞ ሩጅ ዊትወርዝ የተባለው የእንግሊዝ ቸርኬ ሠሪ የፈረንሳይ ወኪል። ኮኪይ 100,000 ፍራንክና ዋንጫ ይዞ ቀረበ። ተራ መኪናን የሚፈትን፣ ሌሊትን የሚጨምር ውድድር ይሁን ተባለ። «ሌሊቱን ብቻ ለምን፣ ቀኑንም እንጨምር» ብሎ 24 ሰዓት ያደረገው ዱራን ነው ይባላል።

ግንቦት 26 ቀን 1923 ከሰዓት በኋላ 33 መኪኖች በዝናብና በበረዶ ውስጥ ተነሡ። ትልልቆቹ መኪኖች አራት መቀመጫ እንዲኖራቸው፣ የተሳፋሪውን ክብደት የሚተካ ጭነት እንዲይዙ ደንቡ ያዝዛል። ከተበላሸች የሚጠግናት አሽከርካሪው ራሱ ነው፤ ያውም በመኪናዋ ውስጥ በያዘው መፍቻ። ሠራዊቱ መታጠፊያዎቹ ላይ ትልልቅ መብራት ተከለ። በማግስቱ ከ33ቱ 30ዎቹ ጨረሱ፤ ይህ ለዛሬዎቹም ቢሆን የሚያስቀና ቁጥር ነው። ብዙ ርቀት የሄደችው የአንድሬ ላጋሽና የረኔ ሌዮናር ሼናር ዋልከር ስትሆን 2,209 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣን። በዚያ ዓመት ላጋሽና ሌዮናር በይፋ «አሸናፊ» አልተባሉም። ደንቡ የሚጠይቀው ማን ብዙ ሄደ የሚለውን አልነበረም። እያንዳንዷ መኪና በሞተሯ መጠን የተቆረጠላት ርቀት ነበር፤ ትልቅ ሞተር ያላት ብዙ፣ ትንሽ ሞተር ያላት ጥቂት። ውድድሩ ከተቆረጠልሽ በምን ያህል አለፍሽ የሚል ነበር። ዋንጫውም የሦስት ዓመት ውጤት ተደምሮ የሚሰጥ ነበር። ጋዜጦችና ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ ስሌት ለመከተል ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ ብዙ የሄደው ማን ነው ብለው ጠየቁ፣ እሱኑ አነገሡ። ሆኖም የምድብ ሐሳብ ውድድሩ ሲፀነስ የነበረ ነገር መሆኑ መረሳት የለበትም። ዛሬ «ብዙ ምድብ መኖሩ ያደናግራል» የሚሉ ተመልካቾች የመጀመሪያው ዓመት ደንብ ቢገጥማቸው ኖሮ ቲኬታቸውን ይመልሱ ነበር።

በዚያው ውድድር ከእንግሊዝ የመጣች አንዲት ቤንትሊ ነበረች፤ ነጂዎቿ ጆን ደፍና ፍራንክ ክሌመንት። ጠጠር የፊት መብራቷን ሰበረው። ቆይቶ ሌላ ጠጠር የቤንዚን ጋኗን በሳው፤ ነዳጁ ፈስሶ አለቀና መንገድ ላይ ቆመች። ደፍ ኪሎ ሜትሮችን በእግሩ ሮጦ ወደ ጥገናው ቦታ ተመለሰ። ክሌመንት ብስክሌት ተውሶ፣ ቤንዚን አንጠልጥሎ፣ በውድድሩ መንገድ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ እየጋለበ ደረሰ፤ ቀዳዳውን ወትፎ ሞልቶ መኪናዋን መለሳት። አራተኛ ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት እነዚሁ ሁለት ሰዎች ሌ ማንን አሸነፉ፤ ቤንትሊ ደግሞ ከ1927 እስከ 1930 አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ወሰደ።

ቤንትሊ የሚለው ስም ለአዲስ አበባም እንግዳ አይደለም፤ ሰውዬው ግን ሌላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና እየነዳ ከጅቡቲ በኩል በረሃውንና ዳገቱን አልፎ አዲስ አበባ ገባ፤ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም ናከ በምትባል መኪና እኔ እቀድም እኔ እቀድም ሲል ነበር። ከሌ ማን 15 ዓመት በፊት፣ ያለ ታዛቢና ያለ ሰዓት ያዥ፣ ሁለት መኪኖች ወደ ሸዋ ደጋ የጽናት ውድድር አካሂደዋል ማለት ነው። የጉዞውን ታሪክ ክሊፎርድ ሃሌ በ1913 በመጽሐፍ አሳትሞታል። የዛሬው ቦሌ ያን ጊዜ ሜዳና ማሳ ነበር።

ወደ ፈረንሳይ እንመለስ። በሞተር መጠን የማበላለጡ ስሌት ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ፓናር የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ ሞተር የገጠሙ ትናንሽ መኪኖች፣ አንዳንዶቹ ከአንድ ሞተር ሳይክል ያልበለጠ ሞተር ያላቸው፣ በ1950ዎቹ በዚህ ስሌት የሚሰጠውን ሽልማት ደጋግመው ወስደዋል። ሐሳቡ ባሕር ተሻግሮም ሠራ። በ1950 የመጨረሻ ቀን በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ሲብሪንግ በሚባል ቦታ፣ የስድስት ሰዓት ውድድር ተካሄደ። ያሸነፈችው ክሮዝሊ የምትባል ሚጢጢ መኪና ናት፤ ከሁሉ ፈጥና አልነበረም፣ በሞተሯ መጠን ሲሰላ ከሁሉ በልጣ እንጂ። ሲብሪንግ ቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ከ1952 ጀምሮ ታዋቂው የ12 ሰዓት ውድድር በዚያው በኮንክሪቱ ማኮብኮቢያ ላይ ይካሄዳል። ይህን ሳነብ ልደታን አስባለሁ። የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አጥሮ ቦሌ ሲሠራ የድሮው ማኮብኮቢያ ለሌላ ግልጋሎት ዋለ፤ በዚያ ዘመን ብዙ አገር ውስጥ ትርፍ ማኮብኮቢያ የመኪና ውድድር መነሻ ሆኗል።

ወደ ሌ ማን ሴቶችም ቀድመው ገብተዋል። በ1930 ማርገሪት ማረዝና ኦዴት ሲኮ በቡጋቲ ተወዳድረው ሰባተኛ ወጡ። ሲኮ ከሁለት ዓመት በኋላ በጠቅላላው አራተኛ ሆነች።

የሌ ማን ታሪክ ግን ደስ የሚል ብቻ አይደለም። በ1952 ፒየር ለቬክ የተባለ ፈረንሳዊ 24ቱን ሰዓት ብቻዬን እነዳለሁ ብሎ ተነሣ። ተለዋጭ ሹፌር ነበረው፤ መሪውን አሳልፎ አልሰጠውም። ከሁሉ ቀድሞ እየመራ፣ ሊያበቃ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ሞተሩ ተሰበረ። መርሴዲስ አሸነፈ። ያን ጽናቱን ያየው መርሴዲስ በ1955 የራሱን መኪና ሰጠው። ሰኔ 11 ቀን ምሽት ላይ፣ ውድድሩ ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆነው፣ በጃጓር የሚመራው ማይክ ሆቶርን ነዳጅ ሊሞላ ፍሬን ያዘ። ጃጓር በ1953 በዲስክ ፍሬን ያሸነፈ ፋብሪካ ነው፤ ፍሬኑ ጨካኝ ነበር። ከኋላው የነበረችው ኦስቲን ሂሊ፣ ዝቅ ያለ ፍጥነት ያላት መኪና፣ እሱን ለመሸሽ ወደ ግራ ወጣች። ከእሷ ኋላ ለቬክ በሙሉ ፍጥነት ይመጣ ነበር። መታትና ተወረወረ፤ የመኪናው ስብርባሪ ሕዝቡ መሐል ገባ። ለቬክን ጨምሮ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ውድድሩ አልቆመም። አዘጋጆቹ የሰጡት ምክንያት ሕዝቡ በአንዴ ከወጣ አምቡላንሶቹ መንገድ ይዘጋባቸዋል የሚል ነበር። መርሴዲስ ሌሊቱን መኪኖቹን አወጣ። ስዊዘርላንድ የመኪና እሽቅድምድምን በአገሯ ለአሥርት ዓመታት ከለከለች። ብዙ ሰው ሆቶርንን ወቀሰ፣ ብዙ ሰው ለቬክን። እኔ የሚታየኝ ጥፋት መንገዱ ነው። በ1923 በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚሄዱ መኪኖች የተመረጠ ጠባብ የሕዝብ መንገድ፣ የጥገናው ቦታ ከመንገዱ በግድግዳ ያልተለየ፣ ተመልካቹ በዝቅተኛ የአፈር ካብ ብቻ የተከለለ፤ በላዩ ላይ ፍጥነታቸው እጅግ የተለያየ ምድቦች። ምድብ ማብዛት ካለብህ መጀመሪያ መንገዱን አስፋ፤ ክለቡ ይህን የተማረው በሰው ደም ነው። የጥገናው ቦታ ፈርሶ ተሠራ፣ መንገዱም ሰፋ። ዛሬ አንድ አሽከርካሪ በጠቅላላው ከ14 ሰዓት በላይ፣ በስድስት ሰዓት ውስጥም ከአራት ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። የለቬክ ዓይነት ጀብዱ በደንብ ታግዷል።

አጀማመሩም እንዲሁ በግድ ነው የተለወጠው። ከ1925 ጀምሮ አሽከርካሪዎቹ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ምልክቱ ሲሰጥ ሮጠው መኪናቸው ውስጥ ይገቡ ነበር። ለዓይን ያምራል። ቀበቶ ሲመጣ ግን ሮጦ የገባው ሰው ቀበቶውን ሳያስር መንዳት ጀመረ። በ1969 ጃኪ ኢክስ የተባለ የ24 ዓመት ቤልጄማዊ ሌሎቹ ሲሮጡ እሱ በእርጋታ ተራምዶ ሄደ፤ ቀበቶውን አስሮ መጨረሻ ተነሣ። በዚያው የመጀመሪያ ዙር ጆን ዉልፍ የተባለ እንግሊዛዊ ተጋጭቶ ሞተ። ከ24 ሰዓት በኋላ ፖርሼዋን በ120 ሜትር ገደማ ቀድሞ ያሸነፈው ያ የተራመደው ሰው ነው። የሩጫው አጀማመር ከዚያ ዓመት በኋላ ቀረ።

የፎርድና የፌራሪ ፉክክር በፊልም የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም፤ በ1966 ፎርድ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ወጣ ማለት ይበቃል። ከዚያ የሚበልጠው የነዳጅ ታሪክ ነው። የ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ካለፈ በኋላ፣ በ1982፣ አዲስ ደንብ ወጣ፤ ሞተርህን እንደፈለግህ ሥራው፣ ነዳጅህ ግን ይኸው ተብሎ በልክ ይሰፈርልሃል። መሐንዲሱ ከፈረስ ጉልበት ይልቅ ስለ ጠብታ ማሰብ ጀመረ። በ2006 አውዲ በናፍታ ሞተር አሸነፈ፤ በ2012 ደግሞ ከናፍታው ጋር ኤሌክትሪክ ያጣመረችው መኪናው አሸነፈች። ቶዮታም በዚሁ በቅይጡ መንገድ መጣ። በ2016 ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲቀር የምትመራው ቶዮታ ጉልበት አጥታ በዋናው ትሪቡን ፊት ቆመች፤ ፖርሼ አልፏት አሸነፈ። የቦሌ፣ የሲኤምሲና የአያት መንገዶች በቶዮታ የተሞሉ ስለሆኑ ይህን የሚያነብ የአገሬ ሰው ሊያዝን ይችላል። ይጽናና፤ ከ2018 እስከ 2022 አምስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው ቶዮታ ነው።

ያ የቶዮታ ዘመን ግን ሌላ በሽታ ይዞ መጣ። ወጪው ከልክ አልፎ አውዲ በ2016 መጨረሻ፣ ፖርሼ በ2017 መጨረሻ ከላይኛው ምድብ ወጡ፤ ቶዮታ ያለ ባላንጣ ቀረ። ክለቡ እንደገና ደንብ ጻፈ። የወጪው ጣራ ዝቅ እንዲል፣ የተለያየ አሠራር ያላቸው መኪኖች በአንድ ምድብ እንዲሰለፉ፣ በክብደትና በጉልበት እየተመጣጠኑ እንዲሄዱ አደረገ። ይህ ማመጣጠን ከሁሉ በላይ ያጨቃጭቃል፤ የተሸነፈ ሁሉ «ኪሎ ጨመሩብኝ» ይላል። ውጤቱ ግን ታየ። በ2023፣ ውድድሩ 100 ዓመት ሲሞላው፣ ፌራሪ፣ ፖርሼ፣ ካዲላክ፣ ፔዦና ቶዮታ ተሰለፉ፤ ከላይኛው ምድብ ለ50 ዓመት ርቆ የቆየው ፌራሪ አሸነፈ፤ በ2024 እና በ2025ም ደገመው። ቤንትሊ፣ ፎርድ፣ አውዲ ሁሉም ነግሠው ሄደዋል። ከ1923 ጀምሮ ደንቡን የሚጽፈው ግን ያው ክለብ ነው፤ ውድድሩን ተቋም ያደረገው ይህ ይመስለኛል። ለማይመደቡ መኪኖች እንኳ ጋራዥ 56 የሚባል ቦታ አለው። በ2016 ፍሬዴሪክ ሶሴ የተባለ አራቱንም እጅና እግሩን በሕመም ያጣ ፈረንሳዊ በዚህ ቦታ ገብቶ ውድድሩን ጨርሷል።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ የዚህ ዓይነት ውድድር ዋና ቦታ ደቡብ አፍሪካ ነው። በ1958 የተጀመረው የዘጠኝ ሰዓት ውድድር በ1961 ጆሃንስበርግ አጠገብ ወዳለው ካያላሚ ተዛወረ፤ በ1982 ተቋርጦ በ2019 ተመለሰ። ካያላሚ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ነው። በ1979 የሬኖ ፎርሙላ ዋን መኪና በቱርቦ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉ ፊት ተሰልፎ የተነሣው እዚያ ነው፤ ቱርቦ የጎደለውን አየር ገፍቶ ያስገባልና። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ስለሆነ ተራ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። የገርጂ መካኒክ ያለ ቀመር ያውቀዋል፤ ሐዋሳ ወርዶ የመጣ ሹፌር «መኪናዬ እዚያ ሌላ ሆነች» ሲለው አይደነቅም።

በምሥራቅ አፍሪካ የጸናው ራሊ ነው። በ1953 በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን ሰበብ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ የተጀመረው የኋላው ሳፋሪ ራሊ ምድቦቹን የለየው በሞተር መጠን ሳይሆን በመኪናው መሸጫ ዋጋ ነበር። ይህን ከሁሉ ደንብ እወደዋለሁ፤ ሰው መኪና ሲገዛ የሚጠይቀው ዋጋውን ነውና። በ1965 ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ በአሮጌ፣ ሌሎች በነዱት ቮልቮ አሸነፈ። በ1968 ከተነሡት 93 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ናቸው። በእኛም በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር በደጋው መንገድ ላይ ይካሄድ ነበር፤ አስመራም ከጣሊያኖቹ ዘመን የወረሰችው የእሽቅድምድም ልማድ ነበራት። አብዮቱ ሲመጣ የነዳጁ ቁጥጥርም የዘመኑም መንፈስ ለዚህ ዓይነት ነገር አልተመቹም።

ከእንግዲህስ? ሌ ማንን የሚያህል ነገር አዲስ አበባ ላይ ይምጣ ማለት ቅዠት ነው። ነገር ግን የብዙ ምድብ ውድድር የሀብታም ብቻ አይደለም። በጀርመን ኑርቡርግሪንግ የ24 ሰዓት ውድድር ከመቶ በላይ መኪኖች ይሰለፋሉ፤ ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ በሚያወጡ ፖርሼዎች መካከል ዳሲያ ሎጋን የምትባል የሩማንያ ርካሽ መኪና ስትሄድ ሕዝቡ ከፖርሼዎቹ ይልቅ ለእሷ ይጮኻል። በአሜሪካ ከ2006 ጀምሮ ከ500 ዶላር የማይበልጥ ዋጋ ላላቸው አሮጌ መኪኖች ብቻ የሚዘጋጅ የጽናት ውድድር አለ። አሮጌ ቪትስ በሚሊዮን ብር በሚሸጥበት ከተማ ይህን ምድብ መቅዳት አይቻልም፤ ሌላ ምድብ ግን በእጃችን አለ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት እንደሚቆም አስታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በቦሌ ጎዳና በየቀኑ እየበዛ ነው። ሌ ማን እስካሁን ለንጹሕ የባትሪ መኪና ምድብ የለውም። በ2014 ኒሳን ያቀረባት የሙከራ መኪና ከውድድሩ በፊት አንድ ሙሉ ዙር በኤሌክትሪክ ብቻ ዞራ፣ በውድድሩ ግን ከጥቂት ዙር በኋላ ቆማለች። ባትሪ በደጋ ዳገት ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ በአንድ ሙሌት ማን ብዙ ይሄዳል፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ጊዜ እንዴት ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ ከፈረንሳይ ይልቅ ለእኛ የቀረበ ነው። በ1923 ሰዎቹ የፈተኑት የፊት መብራት ነበር፤ የእኛ የፊት መብራት ባትሪው ነው።

ስለዚህ ለሞተር ስፖርት ወዳጆች፣ ለኤሌክትሪክ መኪና አስመጪዎችና ለከተማው አስተዳደር አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌሊት ሌሊት በቀለበት መንገድ ላይ የሚደረገውን የወጣቶች ሽቅድምድም ከማባረር ጎን ለጎን፣ በከተማው ምሥራቅ ዳር አንድ የተከለለ ቦታ ፈልጉ፤ የአራት ሰዓት ውድድር ይበቃል፣ በመሸጫ ዋጋና በባትሪ መጠን የተለየ ሁለት ወይም ሦስት ምድብ ይበቃል። ተመልካቹን ከመንገዱ አርቁት። ከመኪናው፣ ከስፖንሰሩና ከባነሩ በፊት ግን ደንቡን ጽፋችሁ አሳትሙት፤ እኛም አንብበን እንከራከርበት።